ከቅርፊቱ ሦስት ሸቀጥ ይወጣል፤ ነባሩ ዘዴ ሁለቱን ይደፋል

በወረቀት ላይ የሚከስር ንግድ የለም። የሽሪምፕ ቅርፊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ዋጋ አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል የደረቀ የሽሪምፕ ቅርፊት ከ100 እስከ 120 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከዚሁ ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን የተባለ ምርት ደግሞ ኪሎው እስከ 200 ዶላር ያወጣ እንደነበር በዚያው ጊዜ ተጽፏል። ከአንድ ቶን 160 ኪሎ ካይቶሳን ቢገኝና ኪሎው በ200 ዶላር ቢባዛ 32,000 ዶላር ይመጣል። በ120 ዶላር ገብቶ በ32,000 ዶላር የሚወጣ ሸቀጥ ካለ ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን ነካው ያሰኛል።

ሂሳቡ ግን ጎዶሎ ነው። ውኃው አልተቆጠረም። አሲዱና ኮስቲክ ሶዳው አልተቆጠሩም። ከፋብሪካው ኋላ በር የሚወጣው ፍሳሽም በመዝገቡ ላይ የለም። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ካይቶሳን የሚመረትበት የተለመደው ዘዴ ሦስት ሸቀጥ ከያዘ ጥሬ ዕቃ አንዱን ብቻ የሚያነሳ፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ የሚያጠፋ ዘዴ ነው። "ለአካባቢ ተስማሚ" እየተባሉ የሚቀርቡት አዳዲስ ዘዴዎችም መመዘን ያለባቸው በዚህ ሚዛን ነው። ለወንዝና ለዓሣ መራራታቸው መልካም ነው፤ ገበያ ላይ የሚያቆማቸው ግን የሚደፋውን ሸቀጥ መልሰው ለሽያጭ ማብቃታቸው ብቻ ነው።

ቅርፊቱ ውስጥ ምን አለ?

ሽሪምፕ አዲስ አበባ ውስጥ ከትልልቅ ሆቴሎችና ከጥቂት ምግብ ቤቶች አልፎ ብዙ አይታይም። የኦርቶዶክስ ምዕመንም በእምነቱ ሥርዓት አይመገበውም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉም ከሚያውቀው መጀመር ይሻላል። የጥንዚዛን ጀርባ የሚያጠነክረው፣ የፌንጣን እግር የሚሸፍነው፣ በእንጉዳይም አካል ውስጥ የሚገኘው ነገር ካይቲን ይባላል። የሽሪምፕ፣ የሸርጣንና የሎብስተር ቅርፊትም የተሠራው ከዚሁ ነው። ካይቲን እንጨትንና ጥጥን ከሠራው ከሴሉሎስ ጋር በአሠራሩ ይዛመዳል። ሁለቱም ተፈጥሮ የምትፈትላቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ባዮፖሊመሮች ናቸው።

ካይቲንን መጀመሪያ ከእንጉዳይ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው ሄንሪ ብራኮኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሻርል ሩዤ ካይቲንን በጠንካራ አልካሊ ቀቅሎ፣ ደካማ አሲድ ውስጥ የሚሟሟ አዲስ ነገር አገኘ። ዛሬ ካይቶሳን የሚባለው ይኸው ነው። ካይቲን በውኃ አይሟሟም፣ ለሥራም አይመችም። ካይቶሳን ግን ይሟሟል፤ ፊልም፣ ዱቄት፣ ጄል፣ ክር ሆኖ ይሠራል።

ካይቶሳን ዋጋ ያገኘው በአንድ ባሕርይው ነው። ሲሟሟ አወንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ቆሻሻ፣ የደም ሴሎችም ጭምር፣ አሉታዊ ሙል አላቸው። ስለዚህ ካይቶሳን ቆሻሻውን ሰብስቦ ያዘቅጣል፣ ደምንም ያረጋል። ከዚህ የተነሳ ለውኃ ማጣሪያ፣ ለቁስል ማሸጊያ፣ ለፍራፍሬ መሸፈኛ፣ ለዘር ማልበሻና ለመዋቢያ ቅባቶች ይፈለጋል። ሄምኮን የተባለው በካይቶሳን የተሠራ የቁስል ማሸጊያ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ፣ የአሜሪካ ጦር በኢራቅና በአፍጋኒስታን ተጠቅሞበታል።

ጥሬ ዕቃው በብዛት አለ። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ኒንግ ያንና ሺ ቼን እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሸርጣን፣ የሽሪምፕና የሎብስተር ቅርፊት ይጣላል። ከዚህ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ቶኑ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በታዳጊ አገሮች አብዛኛው ባሕር ውስጥ ወይም ቆሻሻ መጣያ ላይ ይደፋል። በአውስትራሊያ ግን ቅርፊቱን ለማስወገድ ብቻ በቶን እስከ 150 ዶላር ይከፈል ነበር። አንዱ ቦታ ከ100 እስከ 120 ዶላር የሚሸጠው ነገር፣ ሌላው ቦታ 150 ዶላር ተከፍሎ የሚጣል ነው ማለት ነው። ነጋዴ ይህን ክፍተት ሲያይ ጆሮው ቢቆም አይደንቅም።

የነባሩ ዘዴ ሂሳብ

ተመራማሪዎቹ እንደገለጹት በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ፕሮቲን ከ20 እስከ 40 በመቶ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ከ20 እስከ 50 በመቶ፣ ካይቲን ከ15 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ካልሲየም ካርቦኔት የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ ፕላስቲክና የመድኃኒት እንክብል አምራቾች ይገዙታል። ፕሮቲኑ ለዶሮና ለዓሣ መኖ ይፈለጋል። ካይቲኑ ደግሞ ወደ ካይቶሳን ይሄዳል። ሦስቱም ገዢ አላቸው።

ለሂሳቡ እንዲመች 10 ኩንታል ደረቅ ቅርፊት ተወስዶ፣ 4.5 ኩንታሉ ካልሲየም ካርቦኔት፣ 3 ኩንታሉ ፕሮቲን፣ 2 ኩንታሉ ካይቲን፣ ቀሪው ግማሽ ኩንታል ሌላ ነገር ነው ይባል። ነባሩ ዘዴ ሥራውን የሚጀምረው ቅርፊቱን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በመንከር ነው። አሲዱ ካልሲየሙን ይበላዋል። ለ4.5 ኩንታል ካልሲየም ካርቦኔት 3.3 ኩንታል ያህል ንጹሕ አሲድ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የሚሸጠው አሲድ ሲሶው ያህል ብቻ ንጹሕ ስለሆነ፣ የሚገዛው ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል። 10 ኩንታል ቅርፊት ለማጠብ 10 ኩንታል አሲድ! ከዚህም 2 ኩንታል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ 5 ኩንታል ያህል ካልሲየም ክሎራይድም በአጠባው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ካልሲየም ክሎራይድ በራሱ የሚሸጥ ኬሚካል ቢሆንም፣ ቀጥኖና ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ ውኃውን አትንኖ ለማውጣት የሚጠፋው ነዳጅ ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ ይደፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኮስቲክ ሶዳ ነው። በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ፕሮቲኑ ሟሙቶ ይወጣል፤ ነገር ግን ተበላሽቶና ከአልካሊው ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ ለመኖ አይሆንም። እሱም ይደፋል። የቀረው ካይቲን ከ40 እስከ 50 በመቶ በሆነ እጅግ ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ፣ በ100 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት ይቀቀላል። ያኔ ካይቶሳን ይሆናል። በመቀቀሉ ክብደቱ ስለሚቀንስ ከ2 ኩንታል ካይቲን ቢበዛ 1.6 ኩንታል ያህል ካይቶሳን ይገኛል። በየደረጃው ደግሞ አሲዱና አልካሊው እስኪለቅ ድረስ መታጠብ አለበት። ሁለቱ ተመራማሪዎች እንዳሉት አንድ ኪሎ ካይቶሳን ከሽሪምፕ ቅርፊት ለማውጣት ከአንድ ቶን በላይ ውኃ ይጠፋል። ለ160 ኪሎው ከ160 ቶን በላይ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በቦቴ የገዛ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ ይረዳዋል፤ 10,000 ሊትር የሚይዙ 16 ቦቴዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ነባሩ ዘዴ በሬ አርዶ ቆዳውን ብቻ ገፍፎ፣ ሥጋውንና አጥንቱን በአሲድ አቅልጦ ወንዝ ውስጥ እንደመድፋት ነው። ቆዳ ነጋዴ ይህን ቢሰማ አብዷል ይላል። በካይቶሳን ፋብሪካ ግን ለዓመታት የተለመደ አሠራር ሆኖ ቆይቷል። የቆየውም አሲድ ርካሽ በሆነበት፣ ውኃ በነጻ በሚቀዳበትና የፍሳሽ ሕግ በላላበት ቦታ ሁሉ በመዝገብ ላይ ስለሚያተርፍ ነው። ወንዝ ደረሰኝ አይሰጥም። ወጪው ግን አለ፤ የሚከፍለው ከፋብሪካው በታች የሚኖረው ዓሣ አስጋሪና ገበሬ ነው።

እርጎ የሚያረጋው ኃይል

አዳዲሶቹ ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ ለገበያ ሰው ግን በአራት ተራ ሊቀመጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ማብላላት ነው። ቅርፊቱ ተፈጭቶ ከስኳር ምንጭ፣ ለምሳሌ ከሞላሰስ ጋር ይደባለቅና እርጎን ከሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ወገን የሆኑት ይጨመሩበታል። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ካልሲየሙን ያሟሟል፤ ኢንዛይሞችም ፕሮቲኑን ቆራርጠው ወደ ፈሳሹ ያስገቡታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈሳሹ ለመኖ፣ ጠጣሩ ደግሞ ለካይቲን ይውላል። ሽሪምፕን ቀይ የሚያደርገው አስታዛንቲን የተባለው ቀለምም ሊተርፍ ይችላል፤ ይህም የሳልመን ዓሣ አርቢዎች የሚገዙት ነው። በድሃ አገር የባሕር ዳርቻ ላይ በትንሽ ካፒታል ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው።

ሁለተኛው በሙቅ ውኃና በካርቦኒክ አሲድ የሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የነኒንግ ያን ቡድን ያቀረበው ይህ ዘዴ መጀመሪያ በግፊት በጋለ ውኃ ፕሮቲኑን ይለያል። ከዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት የገባበት ውኃ፣ የአምቦ ውኃ ዓይነት ማለት ነው፣ ካልሲየሙን ያሟሟል። ግፊቱ ሲለቀቅ ጋዙ ይወጣል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱም ተመልሶ ንጹሕ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ጋዙ እንደገና ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። ነባሩ ዘዴ በ10 ኩንታል አሲድ ያጠፋውን 4.5 ኩንታል ሸቀጥ ይህኛው መልሶ ጆንያ ውስጥ ያስገባዋል። የሦስቱ ሸቀጥ ሂሳብ ከሁሉም በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ልዩ ማሟሚያዎችን መጠቀም ነው። በአሜሪካ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ሮቢን ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 አዮኒክ ሊኩይድ በሚባሉ ፈሳሽ ጨዎች ካይቲንን ከቅርፊት በቀጥታ አሟሙተው ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ካይቲን ሰንሰለቱ ብዙም ስላልተቆራረጠ ለክርና ለሕክምና ዕቃ ይመረጣል። ከዚያ ወዲህ ለዶሮ መኖ የሚጨመረውን ኮሊን ክሎራይድን ከላክቲክ አሲድ ወይም ከዩሪያ ጋር በማደባለቅ ርካሽ ማሟሚያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በርክተዋል።

አራተኛው የወፍጮ ዘዴ ነው። ካይቲኑ ከደረቅ ኮስቲክ ሶዳ ጋር በኳሶች ይፈጭና እርጥበት ባለበት ቦታ ለቀናት ይቀመጣል። ሳይቀቀል ካይቶሳን ይሆናል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን አሳይቷል። ይህ ዘዴ ለምን ትልቅ ቦታ እንደሚሰጠው ከታች ይታያል።

ነባሩን የሚደግፉት ምን ይላሉ?

የነባሩ ዘዴ ባለቤቶችም መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ የትም ይገኛሉ፣ ሥራውም በሰዓታት ያልቃል። ማብላላት ቀናት ይወስዳል፣ ሰፊ ጋን ይፈልጋል፣ ዛሬ የወጣው ከነገው ላይመሳሰል ይችላል፣ የቀረውን ካልሲየምና ፕሮቲን ለማጥራትም ጥቂት አሲድና አልካሊ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ በግፊት የሚሠራ ጋን ውድ ነው። ሦስተኛ፣ ልዩ ማሟሚያ የሚያዋጣው ተመልሶ ሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው። ለምሳሌ ለ10 ኪሎ ቅርፊት 100 ኪሎ ማሟሚያ የሚያስፈልግ ቢሆንና በየዙሩ 5 በመቶ ብቻ ቢጠፋ፣ ከ10 ኪሎው 2 ኪሎ ካይቲን ለማግኘት 5 ኪሎ ማሟሚያ ባከነ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ካይቲን 2.5 ኪሎ! ከላቦራቶሪ የሚወጡ የምሥራች ዜናዎች ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አይነግሩም።

መልሱ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ነባሩ ዘዴ ርካሽ ነው የሚለው ክርክር የሚቆመው ፍሳሹ በነጻ እስከተደፋ ድረስ ብቻ ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ ተብሎ በሕግ የተገደደ ፋብሪካ 160 ቶን የአሲድና የአልካሊ ውኃ ለማከም የሚያወጣው ገንዘብ ከአሲዱ ዋጋ ጋር ሲደመር፣ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ዳኛው ሳይንቲስቱ ብቻ አይደለም፤ የውኃ ሕጉን የሚያስከብረው መንግሥትና ዕቃውን የሚገዛው ነጋዴም ናቸው።

በግማሽ የጸዳ

ገዢው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካይቲን ማውጣትና ካይቶሳን መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ካይቲኑን በማብላላት፣ ያለ አንድ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያወጣ ፋብሪካ፣ ካይቶሳን ለማድረግ ሲፈልግ ያንኑ 50 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ አምጥቶ ሊቀቅለው ይችላል። ሩዤ እ.ኤ.አ. በ1859 የጀመረው መንገድ ከ160 ዓመት በኋላም በመሠረቱ አልተለወጠም። በኢንዛይም ለመሥራት የተሞከረው ጠጣር ካይቲን ላይ ሲደርስ ይዘገያል። የማክጊሉ የወፍጮ ዘዴ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው የቆመው በዚህ በር ላይ ስለሆነ ነው። እንግዲህ "በተፈጥሮ ዘዴ የተመረተ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በርሜል ግማሽ መንገድ ብቻ የተጓዘ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልተናገረም እንጂ።

ዋጋውም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሂሳብ ላይ የተባዛው 200 ዶላር ጣሪያው እንጂ ወለሉ አይደለም። ካይቶሳን አንድ ሸቀጥ አይደለም። የሰንሰለቱ ርዝመት፣ የመቀየሩ መጠን፣ ንጽሕናው ዋጋውን ይወስናሉ። ለሕክምና የሚውለውና ለቆሻሻ ውኃ ማጣሪያ የሚውለው በአንድ ዋጋ አይሸጡም። ለሕክምና የሚገዛ ደግሞ ትንሽ ይገዛል፣ ብዙ ያስፈትሻል። አንድ ደላላ ሺህ ቶን በ200 ዶላር አባዝቶ ካቀረበ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

የሚላጠው የት ነው?

ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሚለው ቁጥርም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ቅርፊት ጥሬ ዕቃ የሚሆነው በብዛት በአንድ ቦታ ሲከማች ብቻ ነው። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሽሪምፕ ወደ ውጭ ልካለች። ነገር ግን አብዛኛው ሳይላጥ ከነራሱ ወደ ቻይና ስለሚሄድ፣ ቅርፊቱ የሚቀረው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሰሃን ላይ ነው። ከዚያ የሚሰበስበው የለም። ሕንድና ቬትናም ግን ልጠው የሚልኩት ብዙ ስለሆነ ቅርፊቱ ፋብሪካቸው ደጃፍ ላይ ይከመራል። ስለዚህም ጥያቄው ማን ብዙ ያመርታል ሳይሆን ማን ይልጣል ነው።

የተላጠውም ቢሆን አይጠብቅም። እርጥብ ቅርፊት አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው፤ በሙቀት ቦታ በሰዓታት ውስጥ መሽተት ይጀምራል። ማድረቅ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ማጓጓዝም ውኃ እንደመጫን ነው። አይስላንድ ውስጥ ሲግሉፍዮርዱር የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ ለዚህ ትምህርት ትሰጣለች። በአንድ ወቅት የሄሪንግ ዓሣ ዋና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዓሣው ጠፍቶ ኑሮዋ ተናጋ። ዛሬ ፕራይሜክስ የተባለው ኩባንያ እዚያው ከሰሜን አትላንቲክ ሽሪምፕ ቅርፊት ካይቶሳን እያመረተ ለምግብ ማሟያ፣ ለመዋቢያና ለቁስል ሕክምና ይሸጣል። ከተማዋን የጠቀማት የምርቱ ብዛት አይደለም። ቅርፊቱ ቅርብ መሆኑ፣ የዓሣው ዝርያ መታወቁና ዕቃው ከፍ ባለው ገበያ መሸጡ ነው።

ባሕርም ቢሆን ውል አይፈርምም። በአላስካ የቤሪንግ ባሕር ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ በቢሊዮን የሚቆጠር የስኖው ክራብ ሸርጣን አለቀ። ተመራማሪዎች ምክንያቱ የባሕሩ መሞቅ ነው ብለዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የማስገሪያው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። በዚያ ቅርፊት ላይ ብቻ ለተማመነ ፋብሪካ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከጎን ደግሞ ተፎካካሪ አለ። በቤልጂየም ኪቶዛይም የተባለው ኩባንያ ካይቶሳንን የሚያወጣው ከባሕር እንስሳ ሳይሆን ከሻጋታ ነው። ሻጋታ በወቅት አይታገድም፣ የሽሪምፕ አለርጂ ያለበትንም ገዢ አያስፈራም። የቅርፊት ካይቶሳን ይህን ሊቋቋም የሚችለው ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን ሸጦ የካይቲኑን ወጪ ካቀለለ ነው። ሁለቱን እየደፋ ግን ከሻጋታው ጋር ለመወዳደር መሞከር በአንድ እግር እንደመሮጥ ይሆናል።

አዲስ አበባ ምን አገባት?

ኢትዮጵያ የባሕር ወደብ የላትም፣ ሽሪምፕም አትልጥም። ስለዚህ እዚህ የቅርፊት ፋብሪካ እናቋቁም የሚል ጥናት ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ቅርፊቱን ከየት እንደሚያመጣ ይጠየቅ። ኢትዮጵያ ግን ገዢ ልትሆን ትችላለች። ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ ናት፤ አበባዋም በአመዛኙ የሚሸጠው በአውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ካይቶሳን ሃይድሮክሎራይድን ለሰብል ጥበቃ ከሚፈቀዱ መሠረታዊ ንጥረ ነገሮች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። ተክሉ በሽታን በራሱ እንዲከላከል ያነቃቃል ተብሎ ነው። በአበባው ላይ የሚቀረው የኬሚካል መጠን በሚለካበት ገበያ ይህ ዓይነቱ ግብዓት ፈላጊ አያጣም። ውኃ የሚያክሙ ፋብሪካዎችና ቆዳ ፋብሪካዎችም ከዚህ ገበያ ሩቅ አይደሉም።

አስመጪው በዶላር የሚገዛው ዕቃ የአበባ እርሻን ስም ለማጽዳት ከሆነ፣ ዕቃው ራሱ የሌላውን አገር ወንዝ አቆሽሾ የመጣ እንዳይሆን ማጣራት ይኖርበታል። ይህ የጽድቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ስለ አበባው የሚጠይቅ የአውሮፓ ገዢ ነገ አበባው ላይ ስለተረጨው ነገር አመጣጥም ሊጠይቅ ይችላል። ወረቀቱን ቀድሞ የያዘ ያተርፋል፤ ያልያዘ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ይሆንበታል።

ከመፈረም በፊት

እንግዲህ ካይቶሳን የሚገዛ አስመጪም ሆነ በካይቶሳን ፋብሪካ አክሲዮን እንዲገዛ የተጋበዘ ባለሀብት ከመፈረሙ በፊት አምስት ጥያቄዎች ቢያነሳ አይከስርም። ቅርፊቱ የሚላጠው የት ነው፣ የደረሰውስ በስንት ሰዓት ነው? ካልሲየሙና ፕሮቲኑ የት ይሄዳሉ፣ የገዢያቸው ውል አለ ወይ? ካይቲኑ ወደ ካይቶሳን የሚቀየረው በምንድን ነው፣ ኮስቲክ ሶዳውስ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል? ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ሊትር ውኃ ይጠፋል? ምርቱስ የየትኛው ደረጃ ነው፣ በዚያ ደረጃ የተፈረመ ግዢ አለ ወይ?

ለአምስቱም በቁጥር የሚመልስ ሻጭ ገንዘብ ይገባዋል። "አረንጓዴ ነን" ብሎ የሚያልፍ ሻጭ ግን ያው የድሮው ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠው ማስታወቂያው ብቻ ነው። ገዢ ካልጠየቀ ደግሞ ፋብሪካው የሚለወጥበት ምክንያት የለም። አሲዱ ርካሽ ነው፣ ወንዙም ዝም ይላል። ዝምታውን የሚሰብረው የግዢ ትእዛዙ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ለሽያጭ ያልዋሉበት፣ ውኃው ያልታከመበት ካይቶሳን አንገዛም የሚል። እንዲህ ያለ መስመር የያዙ ትእዛዞች ሲበዙ ሁለቱን ሸቀጥ የሚደፋ ፋብሪካ ሂሳቡን እንደገና ለመሥራት ይገደዳል።